በፏፏቴው ሥር ፌቨን

ቅናት መጥፎ ነገር ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀናባቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚቀናው ሰውማ ሥራ ላይ ስለሆነ ለማውራት ጊዜ የለውም። የእኛ ሰው ደግሞ መቼም ለማያምር ነገር የሚያምር ስም አያጣምና፣ ለዚህም በሽታ «መንፈሳዊ ቅናት» የሚል ስም አውጥቶለታል። የጎረቤትህ ልጅ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የባልደረባህ ቪዛ ሲመታ፣ «በመንፈሳዊ ቅናት ቀናሁብህ» ትለዋለህ፤ እሱም አሜን ይልሃል፤ ሁለታችሁም በሰላም ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። እኔም ባለፈው ጥር ያንገበገበኝን ነገር በዚሁ ስም ልጠራው ብዙ ለፍቻለሁ። ስሙ ግን ጠበበው። የእኔ ቅናት ሥጋዊ ነበር፤ ያውም ጮማ ያለው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ስንዱ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፤ እሷን ጄኔቫ፣ እኔን ዙሪክ ጎን አድሊስቪል የጣለን ስደት ነው። እሷ በአንዲት ዲፕሎማት ቤት ምግብ አብሳይም ሞግዚትም ሆና ኖራለች። እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ አልተርስሃይም፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስተኩስና ሳጥፍ እውላለሁ። እሑድ እሑድ በስልክ ካላወራን ሳምንቱ አይጀምርልንም። የስንዱ ማዳም የካሪቢያን ደሴት ተወላጅ ናት። ጡረታ ወጥታ አገሯ ከገባች በኋላ ለስንዱ ደወለችላትና፣ «ልጆቼን ያሳደግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አገሬን ሳታዪ እንዳትቀሪ። ብቻሽን እንዳይከፋሽ አንድ ጓደኛሽን ይዘሽ ነይ፤ ማረፊያውም መንሸራሸሪያውም በእኔ ነው» አለቻት። የደሴቲቱን ስም አልነግራችሁም። ምን በወጣኝ አስተዋውቅላቸዋለሁ?

«አንድ ጓደኛሽን።» እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። ስንዱ ታማ የተኛች ጊዜ ከዙሪክ ጄኔቫ ድረስ ሾርባ በባቡር ተሸክሞ የሄደው ማን ነው? እኔ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ «ሲ» የሚሉት ቋሚው ነው፤ ከአገር ልውጣ ብል የሚከለክለኝ የለም። ልጆቼ አድገዋል፣ የዓመት ዕረፍቴ ሳልነካው ተቀምጧል። ለደሴት የተሰናዳ ሰው ከተፈለገ ከእኔ በላይ ላሣር ነው። ቀደም ሲል አንድ እሑድ ስንዱ ስለ ጉዞው ጣል አድርጋልኝ ነበር፤ እሱን ኋላ እንደርስበታለን። በሚቀጥለው እሑድ ግን ነገሩ አልቆ፣ «ከፌቨን ጋር ልንሄድ ነው» ብላ ዜናውን እንደ አየር ጠባይ ነገረችኝ። እኔም «እሰይ! እንኳን ደስ ያላችሁ!» አልኩኝ፤ ድምፄ ግን ከፍ ከማለቱ የተነሳ የታችኛው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ መታ መታ አደረገው።

ፌቨንን ላስተዋውቃችሁ። ማስተዋወቅ መቼም ልማዴ ነው፤ ከስንዱ ጋር ያስተዋወቅኳትም እኔው ነኝ። ቪንተርቱር ውስጥ የነርስ ረዳት ለመሆን የምትማር፣ ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት፣ በየንግግሯ መሃል በጀርመንኛ «ጌናው»፣ «ልክ ነው» የምትል ቀልጣፋ ልጅ ናት። ፋሲካን ብቻዋን እንዳትውል አዝኜላት፣ እጇን ይዤ ስንዱ ቤት ወሰድኳት። ዓመት እንኳ ሳይሞላው የስንዱን እጅ ይዛ ውቅያኖስ ተሻገረች። ልጅቷ ክፉ ብትሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር። ክፉ አይደለችም። ይህ ደግሞ ለሚቀና ሰው ትልቅ ችግር ነው።

ዙሪክን በጥር የሚያውቃት ያውቃታል። ጉሙ ወንዙ ላይ ተኝቶ ሳምንት አይነሳም፤ ሰዉ በባቡር ውስጥ ኮቱን ተጀቡኖ ጫማውን ያያል። እኔ ደግሞ በዚያ ጉም ውስጥ ሥራ ገብቼ፣ የአረጋውያኑን አንሶላ ከማሽን ሳወጣ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከፍቼ አያለሁ፦ ባሕር። ሰማያዊ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? አረንጓዴም ነው፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ይታያል። ከፊቱ ፌቨን። «ውብ ነው!» ብዬ ከአበባ ጋር እልክና አንሶላውን እንደ ጠላት አጥፈዋለሁ።

በየካቲት ተመለሱ። መቼም የሄደ ሰው ሲመጣ «እንኳን ደህና ገባሽ» ማለት ግድ ነውና፣ አንድ እሑድ ስንዱ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤቷ ጠራችን። ከዙሪክ ጄኔቫ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ ነው። እስከ በርን ከተማ ፊቴን ሳስተካክል ሄድኩ፤ ከሎዛን በኋላ ፈገግታው ያዘልኝ።

ስንዱ ጠይማለች፤ አምሮባታል። ቤቱ ውስጥ እኔና ፌቨን፣ ሁለት ሦስት ጎረቤቶቿም አሉ። እኔ የለመድኩትን ዶሮ ወጥ ስጠብቅ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ከተጠበሰ ሙዝ ጋር አቀረበች፤ «ማዳም ናት ያሳየችን» ብላ። ጣፈጠኝ። ጣፈጠኝ ብዬ ግን አልተናገርኩም። ከምግብ በኋላ ፎቶው በቴሌቪዥኑ ላይ ተከፈተ።

መጀመሪያ ፏፏቴው መጣ። ከደን መሃል፣ ከጥቁር ዓለት ላይ፣ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ዙሪያው ሰው የሚያህል ቅጠል አለው። ሥሩ ፌቨን እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ጎረቤቶቹ «ወይኔ!» ሲሉ እኔ፣ «ጢስ ዓባይን ላየ ይሄ የቧንቧ ውኃ ነው» አልኩ።

«አይተሽዋል ጢስ ዓባይን?» አለች ስንዱ፣ በየዋህነት።

አይቼዋለሁ። የድሮዋ አንድ ብር ጀርባ ላይ።

ቀጥሎ ምሽጉ መጣ። በኮረብታ ላይ፣ መድፎቹ እንደተደረደሩ፣ አፋቸውን ወደ ባሕር ከፍተው ዝገዋል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ደሴቲቱን ሲቀማሙ ኖረው፣ ግንቡ አንዴ የዚህ፣ አንዴ የዚያ ሲሆን ከርሟል አሉ፤ የደሴቲቱን ሰው የጠየቀው የለም። ትልቁ መድፍ ላይ ፌቨን ተቀምጣለች። «የጎንደሩ ግንብ ይበልጣል» አልኩ። እሱን የማውቀው ከሃምሳ ብር ጀርባ ነው፤ ሃምሳ ብር ደግሞ በዚያ ዘመን እጄ ላይ ብዙም ስለማያድር ግንቡን በቅጡ አላስታውሰውም። እንዲያው ግን ታዝባችሁት ታውቃላችሁ? ያላየነውን አገራችንን እንዴት አድርገን እንደምንወድ! አጠገባችን ያለውንም አናይ። የራይን ፏፏቴ ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እዚህ አገር ስኖር አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም። ስዊዞቹ እየሄዱ ያዩታል፤ እኔ ከሩቅ እመካበታለሁ።

ከዚያ ከምድር የሚፈላው ውኃ መጣ። እሳተ ገሞራው ሥሩ ገና አልተኛም፤ ድንጋዩ ይጨሳል፣ ጭቃው ይንተከተካል፣ አገሩ ሁሉ ድኝ ድኝ ይሸታል አሉ። ስንዱና ፌቨን ጭቃውን ተለቅልቀው ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ይስቃሉ። «ለጉልበት ፍቱን ነው» አለች ስንዱ። ጉልበቷን የሚያማት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ፌቨንማ በዚያ ዕድሜዋ ጉልበት እንዳላትም አታውቅ። ቀጥሎ ደግሞ የካካዎ ዛፍ፤ ፍሬው ከግንዱ ላይ እንደ ዱባ ተንጠልጥሎ። ፌቨን ፈልፍላ ነጩን ፍሬ ስትመጥ። በቸኮሌት አገር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ቸኮሌት ዛፍ እንዳለው ከፌቨን አፍ ላይ ተማርኩ። ደግነቱ ከዚህ ጋር የሚወዳደር የብር ኖት ትዝ ስላላለኝ ዝም አልኩ።

የመጨረሻው ፎቶ ግን ሌላ ነበር። የድሮ የሸንኮራ እርሻ ነው። ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት፣ የሸንኮራ ጭማቂ ይፈላባቸው የነበሩ፣ ሰው የሚያስተኙ የብረት ጋኖች፣ ከጓሮው በኩል ደግሞ መሠረታቸው ብቻ የቀረ ትናንሽ ጎጆዎች። በባርነት የመጡት የሚያድሩት እዚያ ነበር። ማዳምና ስንዱ ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ማዳም ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳች ለስንዱ ትሰጣለች፤ ስንዱ ታለቅሳለች።

«የአያቴ አያት እዚህ ነው የተወለደችው አለችኝ» አለች ስንዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሰው ንብረት ነበረች አለችኝ። እኔ ሻዩን ልቀዳ ስነሳ ያዘችኝና፣ ‹ዛሬ አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ እቀዳለሁ› አለችኝ። እኔንጃ፣ ምን እንደነካኝ... አለቀስኩ።»

 ይህን የማመሳስልበት ነገር በአገሬም በኪሴም አልነበረኝም። ደግሞ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፤ እፍረት ቢሆንም ልንገራችሁ። በዚህ ፎቶ ላይ ፌቨን የለችም። ያነሳችው እሷ ናታ! ፏፏቴውን ይቅር ልላት እችላለሁ፤ መድፉንም ትቀመጥበት። ስንዱ ስታለቅስ አጠገቧ መቆም ግን የእኔ ሥራ ነበር።

ብርጭቆ ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ። ስንዱ ተከትላኝ ገባች። ውኃውን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ «ለምን እኔን አልወሰድሽኝም?» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ለምን ፌቨንን? እኔ ምን አድርጌሽ?»

ውኃውን ዘጋችው። «አበቡ፣ አብደሻል? መጀመሪያ የጠየቅኩት አንቺን አይደል እንዴ? ‹አብረን እንሂድ› ስልሽ ‹አይ ተይኝ ስንዱዬ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ደሴት ምን ያደርግልኛል፣ አንቺው ሄደሽ ደስ ይበልሽ› አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያስ?»

«አንድ ጊዜ ነዋ የጠየቅሽኝ!»

ይኸውላችሁ፣ እንደርስበታለን ያልኳችሁ እሑድ ይህ ነው። እናንተ ትረዱኛላችሁ። ሰው «ብይ» ሲልሽ «በቅቶኛል» ትያለሽ፤ «በሞቴ» ይልሻል፤ «ኧረ አሁን ነው የበላሁት» ትያለሽ፤ «አፈር ስሆን» ይልሻል፤ ያኔ እያዘንሽለት ትበያለሽ። እምቢታው እምቢታ አይደለም፤ የእሺ መንደርደሪያ ነው። ስንዱ በሞቴ እስክትል ስጠብቅ ሻንጣዬን በልቤ ሸክፌ ጨርሼ ነበር። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ማለት ለካ ይህ ነው። ትምህርቱንም ቀድሜ አግኝቼው ነበር፤ አድሊስቪል በገባሁ ሰሞን ስዊዟ ጎረቤቴ ኬክ ቆርሳ ስትሰጠኝ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት፤ «ኦኬ» ብላ መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። የፍሪጁን በር እያየሁ አመሸሁ። ግን እሷ ስዊዝ ናት። ስንዱ የሰፈሬ ልጅ እንዲህ ትሆናለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

«ፌቨንማ ዓረፍተ ነገሬን አላስጨረሰችኝም» አለች ስንዱ። «‹ሱፐር! መቼ?› ነው ያለችኝ።» ከዚያ ብርጭቆ ማድረቂያውን ይዛ ቆመች። «እኔ እኮ የተከፋሁት እኔ ነኝ። ማዳም ቤት ስለሆነ፣ ‹የገረድ እንግዳ ሆኜ አልሄድም› ያልሽ መሰለኝ። ያን ዕለት ስልኩን ዘግቼ እንባዬ መጣ።»

አያችሁ? እኔ በእሷ ላይ ቂም ሳጥፍ፣ እሷም ጄኔቫ ላይ የእኔን ታጥፍ ኖሯል። ማሽኑ ውስጥ አብረን ብናስገባው ኖሮ ዱሮ ጠርቶ ነበር። ተቃቀፍን፤ እጄ አረፋ ስለነበር ልብሷን አበላሸሁት። ስንዱ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ወጉ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ማታ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችን፤ ሸኘችን ያልኩት ፌቨንም በዚያው ባቡር ወደ ቪንተርቱር ስለምትሄድ ነው። መድረኩ ላይ ስንዱ ክንዴን ይዛ፣ «ማዳም ለከርሞም ኑ ብላለች። አበቡዬ፣ ያኔ አንቺና እኔ አብረን እንሄዳለን» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። አፏን ሳትገጥም ነው ያልኩት።

ስንዱ ክንዴን ለቀቀችው። ፊቷን አየሁት፤ ይሄን ፊት ከአገር ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው የሚሉት ዓይነት ግብዣ ነበር፤ እንደ ልማዴ እምቢ እንድል ጠብቃለች። «ማለቴ...» አለች፣ አንዴ እኔን አንዴ ፌቨንን እያየች፣ «ለፌቨን እዚያው እያለን ቃል ገብቼላት... የእንግዳ ክፍሉም አልጋው ሁለት ብቻ...»

«እሺ ብያለሁ» አልኳት።

ባቡሩ እየገባ ነው። ፌቨን ሻርፗን አስተካከለችና፣ «እትዬ አበቡ፣ አይጨነቁ፤ ሦስታችንም እንሄዳለን፤ እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ» አለችኝ።

እንደ ደንቡ ከሆነ፣ «ኧረ ምን ሲደረግ! አንቺ ልጅ ነሽ፣ ብርድ ይመታሻል፤ የምተኛው እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እሷም «በፍጹም» ትለኛለች፤ እኔም «በሞቴ» እላታለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ዙሪክ እንገባለን። ከልቧ ትበለው፣ ወይም ለይሉኝታ፣ ፊቷ ላይ ሊለይልኝ አልቻለም፤ እኔም ለመለየት ብዙ አልደከምኩም።

«እሺ» አልኳት።