የሮክ ጉዳዮች ተጠሪ በጂጂጋ

በየከተማው ማንም ያልጠየቀውን ቀን የሚያስታውስ አንድ ሰው አይጠፋም። የገዛ ልደቱን ይረሳል፤ ሸሚዙን ልብስ ሰፊ ዘንድ የተወበትን ሳምንት ይረሳል፤ ባሕር ማዶ ያለ፣ በዓይኑ ዓይቶት የማያውቀው ጊታር መቺ ከጓደኞቹ ተጣልቶ የወጣበትን ዕለት ግን እንደ ንግሥ በዓል ያከብራል። ደሴ የራሷ አላት፤ ነቀምት የራሷ አላት። ለጂጂጋ የደረሳት መምህር ደበሌ ነበር።

ደበሌ የአሰላ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ተማሪ ሳለ ያስተማረው የሰላም ጓድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቂት የሮክ ሙዚቃ ሸክላዎች ትቶለት ሄዶ ነበር። ሸክላዎቹ በአብዮቱ ግርግር የት እንደገቡ አልታወቀም፤ ፍቅሩ ግን አብሮት ቀረ። በ1973 ዓ.ም. ጂጂጋ ሲመደብ በየግድግዳው የጦርነቱ ጥይት ቀዳዳ ገና አልተደፈነም። እሱም ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪውን ለብሶ፣ መሃሉ መሳሳት የጀመረውን አፍሮውን አበጥሮ ከአውቶቡስ ወረደ። የሮክ ዘመን ካለፈ ቆይቷል ያለው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰማም።

ሌላው ቢስቅበት አይፈረድበትም፤ ከማንም በላይ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር። ጊታር በዕድሜው አንድ ጊዜ ነክቶ ክሩን በጥሷል። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት መዝሙር ላይ አስተማሪው ለብቻው ጠርቶ፣ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብሎታል። «እኔ» ይል ነበር፣ «የሮክ ጉዳዮች የጂጂጋ ቋሚ ተጠሪ ነኝ። ማን እንደሾመኝ ግን እስካሁን አልተገለጸልኝም።»

ሹመቱን የሚወጣው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። በሩን ከፍቶ፣ ጠመኔውን እንደያዘ፣ «ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ይላል። ይኼኔ አንዱ ሰዓቱን ያያል፤ አንዱ የሚታረም ፈተና ያስታውሳል፤ ክፍሉ ጭር ይላል። ደበሌ ለቀሩት ወንበሮች ታሪኩን ይተርካል።

በመጣ በጥቂት ወራት፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ አንድ ማለዳ ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ገባ። ከለንደን ሬዲዮ የሰማው ክፉ ዜና ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እታገኘሁ ደነገጠች።

«ምነው ደበሌ! ማን ሞተብህ?»

«ጆን» አላት።

«ዮሐንስ? ታላቅህ ነው?»

«እንደ ታላቄ ነበር» አለ። አልዋሸም፤ የተሰማው እንደዚያ ነበር። ከዚያ በላይ ሳያብራራ ጠመኔውን አንስቶ ወደ ክፍል ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የመምህራኑ ግማሽ ቤቱ ተሰበሰበ። የሂሳቡ አስተማሪ ጉሌድ፣ የከተማው ተወላጅ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዞ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ መዳፉን ዘርግቶ በቀስታ ዱዓ አደረገ። ከዚያ በሐዘንተኛ ድምፅ፣ «በሽታው ምን ነበር?» ሲል ጠየቀው።

«በጥይት ነው የገደሉት። ቤቱ በር ላይ፣ ኒውዮርክ።»

«ወንድምህ አሜሪካ ነበር እንዴ?»

ደበሌ ያን ጊዜ ምን ላይ እንደተቀመጠ ገባው። ጎረቤቱ ንፍሮ እያዞረች ነው፤ እታገኘሁ ዓይኗን እየጠረገች ነው። ወደ ጉሌድ ጆሮ ጠጋ ብሎ ሟቹ የእንግሊዝ ዘፋኝ እንደሆነ፣ ከአራቱ ቢትልሶች አንዱ እንደሆነ፣ በሥጋ እንደማይዛመዱ ነገረው። ጉሌድ ስኳሩን ተመለከተ። ደበሌን ተመለከተ።

«ስኳሩን አልመልሰውም» አለ በመጨረሻ፤ «ሰው እኮ ሞቷል።»

ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። በዓመቱ እታገኘሁ፣ «የጆንን ሙት ዓመት አታወጣም?» ብላ ስትጠይቀው ግን ከማረፊያው ክፍል ወጥቶ የሄደው ደበሌ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ታላቅ የጊታር ሰው የሞተበትን ቀን በሙዚቃ ላክብር ብሎ በጭነት መኪና ቶጎጫሌ ወረደ። ድንበሩ ላይ ኻድራ የምትባል ነጋዴ ጨርቁንም ባትሪውንም ካሴቱንም አንድ ላይ ከምራ ትሸጣለች። «ሮክ አለሽ?» ሲላት፣ «ሁሉ አለ፣ ወላሂ!» ብላ አንድ ካሴት አወጣችለት። ሲመለስ ጉሌድንና ደንበኛውን ሁሉ ኢስተሂል ሻይ ቤት ሰበሰበ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ኢስተሂል ደበሌን «ማአሊን» ነው የምትለው፣ በሶማልኛ መምህር ለማለት። ትልቅ ባለ ካሴት ሬዲዮ አላት። ደበሌ ስለ ሟቹ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ሁሉንም ለኅሊና ጸሎት አስነስቶ ቁልፉን ተጫነ። ከበሮ ተሰማ፤ ጭብጨባ፤ ከዚያ የሴቶች እልልታ። ሐርጌሳ ውስጥ የተቀዳ የሰው ሠርግ ነበር።

ደበሌ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ኢስተሂል ያዘችው። «ተው ማአሊን! ይቺ የአክስቴ ልጅ ድምፅ ናት! የኻሊድ ሠርግ ነው! ጠርተውኝ መሄድ አቅቶኝ የቀረሁበት!» ብላ ጓዳ የነበሩትን ሁሉ ጠራች። ሻይ ቤቱ ጨፈረ። ደበሌም መጨረሻ ላይ ጨፈረ፤ እንደ አጨፋፈሩ ከሆነ አፉን ብቻ ቢያንቀሳቅስ ይሻለው ነበር። ካሴቱን ለኢስተሂል ትቶላት ወጣ። እስከዚያ ቀን ካዘጋጃቸው በዓላት ሁሉ ሰው ሳይወጣ እስከ መጨረሻው የቆየበት ይኼ ብቻ መሆኑን ወደ ቤቱ ሲሄድ አሰበና መንገድ ላይ ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ 1977 መጣ፤ ድርቁ። ዝናቡ ከቀረ ከርሟል። ከሰሜን የሚሰማው የባሰ ነው፤ በዚህም በኩል ከብት ያለቀበት ሰው ወደ ከተማ ይጎርፋል። በሰኔ መጨረሻ ደበሌ ለንደንን ሲያዳምጥ የሰማውን ማመን አቃተው። የዓለም ሮክ ሙዚቀኞች ሐምሌ ስድስት ቀን በለንደንና በአሜሪካ፣ ስታዲየም ሞልተው፣ በአንድ ቀን ሊዘፍኑ ነው። ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች።

መጀመሪያ ዘሎ ተነሳ። ቀጥሎ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ እነዚያ ሰዎች እሱ ያለበትን አገር ስም አንድ ቀን ቢጠሩ ብሎ ተመኝቷል። ይኸው ጠሩት። ምክንያቱ ግን ይሄ እንዲሆን አልተመኘም። ደስታውንና ሐፍረቱን መለየት አቅቶት ኢስተሂል ዘንድ ሄዶ ነገራት።

«ለኛ ነው የሚዘፍኑት?» አለች፣ ብርጭቆ እያጠበች። «ሰው ሲራብ ይዘፈናል እንዴ ማአሊን?»

«ዘፍነው ገንዘብ ያሰባስባሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ይዝፈኑ» አለች። «ሬዲዮኑ የእኔ፣ ንግግሩ ያንተ። ግን አሳጥረው።»

ወሬው ሳይውል ሳያድር ቀበሌ ደረሰ። ካድሬው ጓድ ከተማ አስጠራው። ጓድ ከተማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሳያስፈቅድ የሚሰበሰብ ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሳያስፈቅዱ መሰብሰብ ከሥራ አልፎ ሌላ ነገር ሊያሳጣ ይችላል።

«ስብሰባ ጠርተሃል አሉ።»

«ሬዲዮ ልናዳምጥ ነው ጓድ ከተማ። የሮክ ሙዚቃ።»

«ሮክ ማለት ድንጋይ አይደለም?»

«ነው።»

«ስለዚህ የድንጋይ ሙዚቃ ለመስማት፣ የኢምፔሪያሊስት ጣቢያ ከፍተህ፣ ስለ ረሃባችን ሕዝብ ሰብስበሃል። ስሜ ከዚህ ነገር ጋር እንዴት ይነሳ?»

ደበሌ ፈራ። ሲፈራ ግን ምላሱ ይፈታል። «እርዳታው ለሰፊው ሕዝብ ነው። እርስዎም መጥተው ቢከታተሉት፣ ነገ ማንም ‹ቀበሌው አላወቀም ነበር› አይልም» አለው። ጓድ ከተማ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ፣ «እኔ ባለሁበት ብቻ» አለ።

ሐምሌ ስድስት ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ጢም አለ። ጓድ ከተማ ከፊት ተቀመጠ። ጥግ ላይ ደግሞ አዴር ኢሴ ነበሩ፣ በሶማልኛ አጎት ኢሴ እንደ ማለት፤ ግመሎቻቸው ሲያልቁባቸው ከኤረር በኩል ተነስተው ጂጂጋ ልጃቸው ዘንድ የተጠጉ ሽማግሌ። ጠዋት ገብተው በአንድ ብርጭቆ ሻይ እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ ኢስተሂል ሳታስታውቅ ትጨምርላቸዋለች። ማንንም ሲያናግሩ የሰማ የለም።

ደበሌ ሬዲዮውን ከፈተ። ዓመቱን ሙሉ የጠፋው ደመና ያን ቀን መጥቶ ያጓራ ጀመር፤ በየነጎድጓዱ ሬዲዮው ይንጫጫል። ጉሌድ ቆርቆሮ ጣራው ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ሽቦ ይዞ ቆመ። «ወደ ቀኝ! ተው፣ ወደ ግራ!» ሲባል ቆይቶ በድንገት ጠራ። የሕዝብ ሆታ ተሰማ፤ ባሕር የሚያህል ሕዝብ። አንድ ጊታር ሁለቴ ሦስቴ ተመታ። የደበሌ ጠጉር ቆመ። ወዲያው ሁሉም ነገር እንደሚቆላ ቆሎ እየተንጣጣ ጠፋ።

«ምን አሉ?» አለ ጓድ ከተማ።

ሁሉም ወደ ደበሌ ዞሩ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት የሚሰማው ሰው ሲፈልግ ኖሮ፣ ይኸው የሚሰማው ቤት ሙሉ ሰው አገኘ፤ የሚነግረው የለውም። ሬዲዮውን መታው፤ አዘመመው፤ ጉሌድ ከላይ፣ «ወላሂ እጄ ዛለ!» ይላል። ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። ደበሌ ያኔ፣ እስከ ዛሬ ለምን እንዳደረገው በማያውቀው ምክንያት፣ መሃል ላይ ቆሞ መዝፈን ጀመረ።

አስቀያሚ ነበር። ፈረንጁ ከተወለት ሸክላ የሚያውቀውን አንዱን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነው። ግማሽ ላይ ቃሉ ጠፋበት፤ በጉርምርምታ ጨረሰው። ዓይኑን ሲከፍት ጓድ ከተማ መሬት መሬት ያያል። ኢስተሂል አፏን በሻሿ ሸፍናለች። የሳቀ ግን የለም፤ ያ ደግሞ ከሳቅ ይብሳል።

ይኼኔ አዴር ኢሴ ከጥግ በሶማልኛ ተናገሩ። ጉሌድ ከጣራ ወርዶ በር ላይ ቆሞ ነበርና ተረጎመው።

«እነዚያ ሰዎች ያውቁናል ወይ? ነው የሚሉት።»

«አያውቁንም» አለ ደበሌ።

«ሳያውቁን ነው የዘፈኑልን?»

«አዎ።»

ሽማግሌው በበትራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ሰው ዘፍኖልህ መልስ ሳትሰጥ መቀመጥ ነውር ነው» አሉ። ወደሚንጫጫው ሬዲዮ ዞሩ።

«አዴር፣ እዚያ ሆነው እኮ አይሰሙም» አለ ጓድ ከተማ፣ በትሕትና።

አዴር ኢሴ ጉሌድ ሲተረጉምላቸው ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ። ማአሊንን ማን ሰማው?»

ያኔ ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ ከሁሉ በፊት ደበሌ። ሳቁ ሲያልቅ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ግጥማቸውን ያዙ። ለሬዲዮው ነው የሚሉት። ድምፃቸው እየወጣ እየወረደ፣ እንደ ረጅም መንገድ። የሞቱትን ግመሎች በየስማቸው ጠሩ። ጉሌድ መጀመሪያ ይተረጉም ነበር፤ በኋላ ትቶት እሱም አዳማጭ ሆነ፤ ማብቂያውን ብቻ ተረጎመው። «የማላውቃችሁ ሰዎች፣ ድምፃችሁ ደርሶኛል። ግመሌ ብትኖር ወተቷን እልክላችሁ ነበር። የቀረኝ ትንፋሽ ነው፤ እሱን እንካችሁ።»

ጓድ ከተማ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ማንም አላዘዘውም።

ያ ክረምት ዘነበ። ልጃቸውና ዘመዶቻቸው ጥቂት ፍየል አሰባስበው ሰጧቸውና አዴር ኢሴ ወደ ኤረር ተመለሱ። ደበሌ ዓመቱን ሙሉ ስለዚያ ቀን ለማንም ሳይተርክ ቆየ፤ የማረፊያው ክፍል ሰዎች ታሟል ብለው ጠረጠሩ። በልቡ ግን የሐምሌ ስድስትን መታሰቢያ ያዘጋጅ ነበር። ንግግሩን አራት ጊዜ ቀይሯል።

በሰኔ ማለቂያ ፈተና ሲያርም ጉሌድ እየሮጠ ገባ። «ና፣ ሰውዬው መጥተዋል!»

አዴር ኢሴ በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ የፍየል ወተት በእቃ ይዘው፣ ንጹሕ ሽርጥ ለብሰው ኢስተሂል ዘንድ ተቀምጠዋል። ደበሌን ሲያዩ፣ «ዓመቱ ሞላ፤ መጣሁ» አሉ፣ በጉሌድ አስተርጓሚነት።

«ገና ነው እኮ አዴር! ከሳምንት በላይ ይቀረዋል!» አለ ደበሌ። ሰው አልተጠራም፤ ንግግሩ ገና አላለቀም።

ሽማግሌው ተገረሙ። የቆጠሩት በጨረቃ ነው፤ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ ጨረቃዋ ልትጠፋ ስትል። የጨረቃ ዓመት አጭር ነው። ደበሌ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። በቀን ጉዳይ ለማንም ተሸንፎ አያውቅም፤ ለርእሰ መምህሩም። የወተቱን እቃ፣ ከመንገዱ የመጣውን አቧራ፣ ለዚህ ቀን የታጠበውን ሽርጥ አየ።

«ትክክል ነዎት፤ ዛሬ ነው» አለ፤ ተቀመጠ።

ኢስተሂል ወተቱን ለሁሉም ቀዳች። የጓድ ከተማ ድርሻ ተለይቶ ተቀመጠ፤ ይምጣ ተብሎ ሰው ተልኮበታል። ደበሌ ወደ ጉሌድ ጠጋ ብሎ፣ «ያንን የአምናውን ግጥም እንዲሉልን ለምንልኝ። ቃል በቃል ደግሞ ልጽፈው እፈልጋለሁ» አለው።

ጉሌድ ጠየቃቸው። አዴር ኢሴ ደበሌን፣ ስንት ዓመት ሙሉ የሞቱ ሰዎችን ዘፈን ሲያስታውስ የኖረውን ሰው፣ በሐዘኔታ ዓይን ተመለከቱት።

«የአምናውንማ አምና አልኩት» አሉ። «አሁን ፍየሎቹ ወልደዋል። ሌላ ይዤ መጥቻለሁ።»

ደበሌ እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ። ሽማግሌው አዲሱን ጀመሩ፤ ፈጠን ያለ፣ ተጫዋች፣ ግልገል የሚዘልበት። ጉሌድ ሳቅ በሳቅ ሆኖ መተርጎሙን ረሳ፤ ደበሌም አልጠየቀውም። ቃሉ ሳይገባው፣ ቀኑን ሳይቆጥር፣ የወተቱን ብርጭቆ ይዞ፣ ሌሎቹ ሲስቁ እየሳቀ አዳመጠ።