ጋሼ ሰብስቤና የካርቱም ብርድ

ሐበሻ በሄደበት ሁሉ ብርድ ይከተለዋል። ፀሐዩ አስፋልት በሚያቀልጥበት በካርቱም እንኳ፣ ብርድ መታኝ የሚል ሐበሻ አይጠፋም። እኛ የሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ታድለናል፤ የብርድ ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ሰብስቤ የኛ ናቸው።

ጋሼ ሰብስቤ ከቅመም ሱቄ አጠገብ ጀላቢያ ይሰፋሉ። ራሴን አመመኝ ሲሏቸው፣ «ብርድ ነው።» ወገቤን ሲሏቸው፣ «ብርድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» የባለቤቴን ጥርስ ሳይቀር በብርድ አሳብበዋል። ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ሲሳፈሩ ገና ሳይቀመጡ መስኮት ይዘጋሉ፤ ያውም በአርባ ሦስት ዲግሪ። ሱዳኖቹ በላብ ተጠምቀው «ያ ሐጅ፣ በአላህ ክፈተው» እያሉ ይለምኗቸዋል። እሳቸው ያንገት ልብሳቸውን ይበልጥ ይጠመጥማሉ። እኔም በዚሁ መስኮት ሰበብ አንዴ ተጣልቻቸው ሳምንት ተኳርፈናል።

አምና ቀኝ ባታቸውን ያማቸው ጀመር። ትንሽ ሲራመዱ ይይዛቸዋል፣ ሲያርፉ ይተዋቸዋል። ምን ሆኑ ስላቸው የምታውቁትን መለሱልኝ። ቆይቶ ቁጭ ባሉበትም ያማቸው ጀመር፤ እግራቸውም ቀዘቀዘ። ያኔማ ማን ይቻላቸው፤ ማስረጃ ተገኘላቸዋ። ሦስት ካልሲ ደርበው እግራቸውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ዘረጉ። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር አውራ ጣታቸው ሲቃጠል አልተሰማቸውም። ቁስሉ ወር ሙሉ አልድን አለ። አንድ ቀን ካልሲውን በግድ ሳስወልቃቸው ጣቱ ጠቁሯል፣ አጠገቡ ያለውም ተከትሎታል። የስፌት መኪናቸውን የሚረግጡት በዚያ እግር ነው። ሌላ ሙያ የላቸውም።

ያላ፣ ሶባ ሆስፒታል እንሂድ አልኳቸው። ለብርድ ሆስፒታል ይኬዳል ወይ ብለው ተቆጡኝ። ግድ የለም ብዬ ደግፌ ሪክሻ ላይ ጫንኳቸው፤ ከዚያ ሁለት ሐፍላ ቀያየርን።

የደም ሥር ሐኪሟ ዶክተር ረሻ እግራቸውን ዳበሰች። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ትርታ ብትፈልግ አጣች። ከምርመራው በኋላ ቁርጡን ነገረችን። ብርድ አይደለም፤ ወደ እግር ደም የሚያወርደው ሥር ሳይታወቅ በቆየ ስኳርና በሠላሳ ዓመት ሲጋራ ተደፍኗል፤ እግሩ የቀዘቀዘው ደም አጥቶ ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት አስገብተው ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው ሥሩን ሊከፍቱት ይሞክራሉ። ያ ካልሆነ ከጭናቸው የደም ሥር ወስደው ለደሙ ሌላ መተላለፊያ ይሰፉለታል። እሱም ካልያዘ ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ጣቶቹም ይተርፉ ነበር አለች።

ጋሼ ሰብስቤ ስፌት ሲባል ቀና ብለው በምን ዓይነት ክር እንደምትሰፋ ጠየቋት። እሷም ሳትስቅ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እግሬን ከወሰዱት መኪናዬን በምን እረግጣለሁ?» አሉኝ።

ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው አላሉም።

እግዜር ይመስገን ፊኛው ሠራ። ሁለት ጣት ሄደ፣ እግራቸው ተረፈ። በማግስቱ ዳብሼው ሞቆ ሳገኘው አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ሥሩ ተመልሶ ሊደፈን ይችላል ተብሏል። ስለዚህ ሲጋራ ቀረ፤ መድኃኒትና የየዕለት የእግር ጉዞ ታዘዘ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የተሳፈርንበት ሐፍላ እሳት ነበር። ጋሼ ሰብስቤ መስኮቱ ጥግ ተቀምጠው ክራንቻቸውን አቅፈዋል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም። አንዴ አየት አደረጉትና አቀረቀሩ። አፍረው ነው። እኚያን የመሰሉ ሰው እንዲህ ሆነው ማየት አልቻልኩም።

በላያቸው ተንጠራርቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ ምን ሆነሃል ብሎ ሲቆጣኝ፣ ላቤን እየጠረግሁ ብርድ መሆኑን በዐረብኛ አስረዳሁት።