መጀመሪያ ጥፋተኛ የሚፈልገው መሐንዲስ

ዕቃ ሲበላሽ ብልሽቱን ትቶ ሰው የሚያሳድድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በንጉሡ ጊዜ፣ ሰበታ ፋብሪካ ዘበኛ ሳለሁ፣ አንድ ጎረምሳ መሐንዲስ አጋጥሞኛል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተር የሚሉት ማሽን አልነሳ አለ። መብራቱ ይበራል፣ ያጉረመርማል፣ ሥራ ሳይጀምር ድርቅ ይላል። መሐንዲሱ ማሽኑን እንኳ ሳያይ፣ «ማነው እዚህ የገባው?» አለ። የገቡት ሸምገል ያሉት ጠራጊ፣ ኦቦ ገመዳ ናቸው። ታዲያ ሳይገቡ ይጥረጉ እንዴ?

«ሲገቡ አይተሃል?» አለኝ። አይቻለሁ። ማንበብ አልችልም፤ እሱ ወረቀት ላይ የጻፈውን ለሰው ሳላስነብብ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ። በማግስቱ ኦቦ ገመዳ ተባረሩ።

ማሽኑ ግን እሳቸው ሄደውም አልነሳም! በአራተኛው ቀን መሐንዲሱ የማስነሻው ትእዛዝ ያለባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ አየ። አንዱ ካርድ፣ «ጎንህ ያለውን መሣሪያ ጥራ፤ እስኪመልስ ጠብቅ» ይላል አሉ። ያንን መሣሪያ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት መሐንዲሱ ራሱ ለጥገና አዲስ አበባ ልኮታል። ምስኪን ማሽን፣ የሌለውን ሲጣራ ሰነበተ! ካርዱ ወጣ፤ ማሽኑ ተነሳ፤ ተጨበጨበ።

«ጌታዬ፣ ኦቦ ገመዳስ?» አልኩት።

«የተባረሩበት ደብዳቤ ማኅተም አርፎበታል» አለኝ።

እሑድ ኦቦ ገመዳ ቤት፣ ተፍኪ ድረስ ሄድኩ።

«ኦቦ ገመዳ፣ ጥፋት እንደሌለብዎት ተረጋገጠ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። የፈረምክበት ወረቀት ምን ይል ነበር?»

«አላውቅም።»

ትክ ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ።

«እኔማ አውቀህ፣ ቂም ይዘህብኝ የፈረምክ መስሎኝ ነበር» አሉ።