ማልደን የደረስን ዕለት

የሐበሻ ቀጠሮ የሚሉት ነገር ሐሜት ነው ብዬ አልከራከርም፤ እውነት ነው። ግን ሐበሻ ማልዶ ሲደርስስ ምን እንደሚሆን ያየ አለ? እኔ አይቻለሁ። ማርፈድ በስንት ጣዕሙ!

አውሮራ የምትባለውን ከተማ አቋርጦ እኛ ወዳለንባት ዴንቨር የሚወርድ ወንዝ አለን። "አለን" ያልኩት በኩራት ነው፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ የኛው ደግሞ የሱፐርማርኬት ጋሪ ይዞ ይዞር ነበር። የታችኛው ከተማ "አቆሸሽክብኝ" ሲል፣ የላይኛው "ዝናቡን ጠይቅ" ሲል ዘመናት አለፉ። በመጨረሻ ሁለቱም ታከታቸውና አንድ ጠረጴዛ ከበው የወንዙን ኅብረት መሠረቱ፤ ገበሬውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም እየተጨመረ መጣ። እኛ ሽምግልና የምንለውን እነሱ ሚቲንግ ይሉታል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ዘንድሮ የኅብረቱን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ወንዙ ዳር ሊያቆሙ፣ የሠራውንም ሁሉ በስም ሊጽፉ ተነሡ። የኛም የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ተጋበዘ፤ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መጥታችሁ አንዱን ዳርቻ ካጸዳችሁ ስማችሁ ይሰፍራል ተባልን። ስማችን! ከነዚያ ከተሞች ጎን! ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታዬ አየር ማረፊያው ውስጥ የመንገደኛ ዊልቸር ስገፋ የማስበው ይህንኑ ነበር።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ታደሰ፣ ማርፈድ የለም፣ በታሪክ ፊት እንዳታዋርዱኝ ብለው አስጠነቀቁ። ስለዚህ ከሰፈራችን ከግሪን ቫሊ ራንች ተነሥተን ገና በአንድ ሰዓት ፓርክ አደረግን። የሚያስረዳን አንድ ነፍስ አልነበረም። ታዲያ እጅ አጣጥፎ መቆም ነውር አይደለም? ጋሪውን ጎትተን አወጣን፤ ላስቲኩን ለቀምን፤ ጭቃው ላይ በሰልፍ የተሰካውንም ደረቅ እንጨት አንድ ሳናስቀር ነቅለን ከመርነው። ቆሻሻ በሰልፍ ይቆማል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የኅብረቱ አስተባባሪ ሊንዳ መጣች። እኛ ምስጋና ስንጠብቅ እሷ አፏን በእጇ ያዘች። ለካ ያ ደረቅ እንጨት ዳርቻው እንዳይናድ የተተከለ የአኻያ ዛፍ ቁራጭ ኖሯል! የላይኛው ከተማ ተማሪዎች ባለፈው ቅዳሜ ሲተክሉት የዋሉት ነው። ስንት ሽማግሌ ያስታረቀውን ወንዝ በሁለት ሰዓት ልናጣላው፣ ስማችንም ከሰሌዳው ሊቀር ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ታደሰ ግን ገበሬ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው። አንዱን እንጨት አንሥተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉና፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ ዛሬውኑ ከተተከለ ይይዛል፣ እምቡጡ ወደ ላይ ይሁን ብለው ኮታቸውን አወለቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል ተረቱ? እኛም እስከ ዐሥር ሰዓት ስንተክል ዋልን። ሊንዳም አብራን ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ምሳ የጠየቀ አልነበረም፤ ይህም ራሱ ታሪክ ነው።

ሙቀቱ ሲገባ አኻያው አቆጠቆጠ። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ቆመና ሄደን አየነው፤ ከተማሪዎቹ ስም ቀጥሎ፣ ይህን ዳርቻ በአንድ ቀን አኻያ ያለበሱ ተብሎ የማኅበራችን ስም ተጽፏል። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ጠጋ ብዬ ጋሽ ታደሰን፣ ማን እንደነቀለውስ አብሮ መጻፍ አልነበረበትም ወይ አልኳቸው። እሳቸው ፎቶ ማንሣታቸውን ሳያቋርጡ፣

"ልጄ፣ ሰሌዳው ጠባብ ነው" አሉኝ።