በትል ቀዳዳ የገባ ሱሪ

[ልብስ ስፌት ቤት። የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ዛሬ ከሰዓት ከእጮኛው አባት ጋር ሊተዋወቅ ነው፤ ሱሪው ግን የለም።]

ሊቁ፦ «ነገ ና» ስትለኝ ሁለት ሳምንት! ከብርሃን የሚዘገይ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ ያንተ ግን ለብቻው ነው!

ሰፊው፦ ቆይ፣ ከብርሃን የሚፈጥንስ አለ?

[ሊቁ ጥያቄ ከጠየቁት የመጣበትን ይረሳል።]

ሊቁ፦ የለም! አቋራጭ ግን ሊኖር ይችላል። አየህ፣ ጠፈር ሰፊ ነው...

ሰፊው፦ ሰፊ ነው? ሱቁ የት ነው?

ሊቁ፦ ሰፊ! ትልቅ! ዳር የሌለው!

ሰፊው፦ እፎይ! ሌላ ልብስ ሰፊ የመጣብኝ መስሎኝ።

ሊቁ፦ ኮከቦቹ ጋ ለመድረስ ዕድሜህ አይበቃም። ስለዚህ በትል ቀዳዳ ታቋርጣለህ።

ሰፊው፦ ጨርቅ የሚበላው ብል ነው፤ ትል አይበላም።

ሊቁ፦ የፖም ትል አስብ! ልጣጩን ከሚዞር መሃሉን በስቶ ቢያልፍ ይቀለዋል። ገባህ?

ሰፊው፦ በዚህ ቦርጬ? ትሉ ይግባ እንጂ!

ሊቁ፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ጨርቅ ስጠኝ!

[ሰፊው ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ቁራጭ ያቀብለዋል።]

ሊቁ፦ ይኸው ጠፈር። በዚህ ጫፍ እኛ፣ በዚያ ጫፍ ኮከቡ። አጠፍኩት፤ ተገናኙ። መቀስ!

ሰፊው፦ ተው፣ ይቅርብህ...

ሊቁ፦ ዕውቀት አትፍራ! [ጨርቁን በመቀሱ ይበሳዋል።] ይኸው፣ ገብተን ወጣን!

ሰፊው፦ [ራሱን ይዞ] ወይኔ ሱሪህን!

ሊቁ፦ የምን ሱሪ?

ሰፊው፦ ያንተን ነዋ! የመቀመጫው ቁራጭ እኮ ነው። እሱን ገጥሜ ልሰጥህ ነበር።

[ሊቁ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ። እንባው መጣ።]

ሊቁ፦ ምነው ዝም አልከኝ?

ሰፊው፦ «ተው» ስልህ «አትፍራ» አልከኝ።

ሊቁ፦ በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለሰው እንዳትናገርብኝ። ለአባትየው አሞኛል እላለሁ። ታስተካክልልኛለህ?

ሰፊው፦ ላንተ ስል። ነገ ና።

ሊቁ፦ ነገ? እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!

[አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሰፊው ከሰው ኮት የተረፈችውን ያችኑ የተበሳች ቁራጭ ወረወረና፣ መቀስ ያልነካውን የሊቁን ጨርቅ ከነፌስታሉ ከመደርደሪያ አወረደ።]

ሰፊው፦ እውነቱን ነው ለካ! ቀዳዳ ከተገኘ መውጫ አይጠፋም።