በደንብ ይወሰናል

(ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ረፋድ ላይ። ቤተሰቡ «እንደራሴው» የሚለው የምክር ቤት አባል በሸሚዝ ቆሟል። ታናሽ ወንድሙ ልብስ ሰፊው የኮቱን ቁልፍ ይተክላል።)

እንደራሴው፦ ስንቴ ልንገርህ? በደንብ ነው የሚወሰነው።

ልብስ ሰፊው፦ ደስ ይላል አልኩህ እኮ ጋሼ። በመጥፎ ቢወሰን ነበር የሚከፋኝ።

እንደራሴው፦ አንተ ቁልፏን ትከል። ዛሬ የድጋፍ አዋጁን እናጸድቃለን፣ ረፍዶብኛል።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ እማማ የሚያግዛት ሰው ታገኛለች? ሦስት ፎቅ አዝዬ ሳወርዳት ወገቤ አለቀ። እሷም አደከምኩህ እያለች መውጣት ትታለች። ፀሐይ እንኳ በመስኮት ነው የምታየው።

እንደራሴው፦ አቅመ ደካማ ከሆነች ታገኛለች።

ልብስ ሰፊው፦ ናታ። አዋጁ አቅመ ደካማ የሚለው ማንን ነው?

እንደራሴው፦ በደንብ ይወሰናል።

ልብስ ሰፊው፦ ተመስገን። የሚያግዛት ሰውስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?

እንደራሴው፦ እሱም በደንብ ይወሰናል።

ልብስ ሰፊው፦ ጎበዞች ናችሁ። አንድም በግዴለሽነት የሚወሰን የለም።

እንደራሴው፦ (ግንባሩን ይዞ) አንተ ሰው፣ ደንብ ነው የምልህ። ሚኒስትሩ የሚያወጡት ደንብ። አዋጁን እኛ፣ ዝርዝሩን እሳቸው በደንብ ያወጣሉ።

ልብስ ሰፊው፦ እሳቸው በደንብ ካወጡ እናንተ እንዴት ነው የምታወጡት?

እንደራሴው፦ ራሴን አዞርከው።

ልብስ ሰፊው፦ ቆይ፣ አሁን ገባኝ። ደንብ የሚባል ሌላ ወረቀት አለ። ምን ይላል?

እንደራሴው፦ ገና አልተጻፈም።

ልብስ ሰፊው፦ ሲጻፍ አይታችሁት ነው የሚጸናው?

እንደራሴው፦ የምን ማየት? ሥልጣኑን በውክልና ሰጠናቸው፣ አለቀ። እናምናቸዋለን።

ልብስ ሰፊው፦ እማማን አትገባም ቢሉስ?

እንደራሴው፦ አይሉም።

ልብስ ሰፊው፦ ቢሉስ?

እንደራሴው፦ ኮቴን አምጣ በናትህ።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ ደንቡ እስኪጻፍ እማማን ምን እናድርጋት? ስለ እሷ ላነሳብህ ስል ሁሌ ይረፍድብሃል።

እንደራሴው፦ እናታችን ምቹ ቦታ ትኑር። በዚህ እስማማለሁ። ዝርዝሩን አንተ ወስን።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ? ላንተ ሳላሳይ?

እንደራሴው፦ አምንሃለሁ አልኩህ። ሥልጣኑን ሰጥቼሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ (መርፌውን ሰክቶ ስልኩን ያነሳል) ሄሎ እማማ። ጋሼ ተስማምቷል። ዛሬ እሱ ቤት ትገቢያለሽ... አዎ፣ ደረጃ የለውም፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እንደ ልብ ነው... ትልቁ መኝታ ቤት... እነሱማ ሳሎን ይተኛሉ። (ይዘጋል)

እንደራሴው፦ የማን መኝታ ቤት?

ልብስ ሰፊው፦ ያንተ ነዋ።

እንደራሴው፦ ሳታማክረኝ? ባለቤቴ ምን ትለኛለች?

ልብስ ሰፊው፦ ስለ እሷ ገና አልወሰንኩም።

እንደራሴው፦ ከመደወልህ በፊት ልታሳየኝ ይገባ ነበር። አይሆንም የምለው ነገር ይኖራላ።

ልብስ ሰፊው፦ አምንሃለሁ ስትለኝ ማየት የማትፈልግ መስሎኝ ነው። አጠፋሁ እንዴ ጋሼ?

(እንደራሴው ቀስ ብሎ የአዋጁን ረቂቅ ከቦርሳው ያወጣና በልብስ ሰፊው ጠመኔ ጠርዙ ላይ ይጽፋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ምን እየጻፍክ ነው?

እንደራሴው፦ «ደንቡ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ካልተፈቀደ አይጸናም።» ይህ ካልገባ ዛሬ እጄን አላወጣም። በል አሁን ለእማማ ደውልና፣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል በላት።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም። (ደውሎ ስልኩን ያቀብለዋል)

እንደራሴው፦ ሄሎ እማማ፣ እኔ ነኝ። ያ ነገር... (ያዳምጣል። ድምፁ ይወርዳል) አሜን... አሜን እማዬ... እሺ። (ስልኩን ይመልሳል)

ልብስ ሰፊው፦ ምን አለችህ?

እንደራሴው፦ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች። ልጄ አልጋውን ለቀቀልኝ እያለች እያለቀሰች ትመርቀኛለች።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ምን አልካት?

እንደራሴው፦ (ኮቱን እየለበሰ) ምን እላታለሁ። አጸደቅኩት።