ካፒቴን ፋኖስ አሶሳ ሲገባ

[አሶሳ፤ የአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤቶች ቀለም ገና ያልደረቀበት ዘመን። ከሰዓት በኋላ፣ የአቶ ሙዳሲር ቪዲዮ ቤት። መምህር ዳምጠው ከደጋ ተመድቦ ከመጣ ሳምንቱ ነው። የልብ ወለዱን ጀግና የካፒቴን ፋኖስን የዓረብኛ ፊልም ለተመልካች በአማርኛ ለመተርጎም ዛሬ ይፈተናል፤ ካለፈ ሥራው የእሱ ነው። ልቡ ቢፈራም አፉ አይፈራም። ካሴቱን የከተተው የሙዳሲር የወንድም ልጅ ኢዘዲን ነው። ሙዳሲር ራሱ ደጅ ከጄኔሬተሩ ጋር ይታገላል።]

ኢዘዲን፦ ወፍራም ነው ብለህ አልነበር?

ዳምጠው፦ ካፒቴን ፋኖስ? በጋዜጣው ሥዕል ወፍራም ነው። ሬዲዮ ሲገባ ቀጠነ።

ኢዘዲን፦ ሬዲዮው ጠቦት?

ዳምጠው፦ አይ አንተ! ድምፁ ነው የቀጠነው። መጽሐፍ ላይ ደግሞ ረዘመ። አራት መቶ ገጽ በአጭር ሰው ይሞላል?

ኢዘዲን፦ ፊልም ላይስ?

ዳምጠው፦ የትም ይግባ፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ኢዘዲን፦ ዓረብኛ ትችላለህ?

ዳምጠው፦ ታሪኩን በቃሌ ይዤ ቋንቋው ምን ያደርግልኛል? [ቴሌቪዥኑ በራ] ያውልህ! ነጭ ጀላቢያ የለበሰው!

ኢዘዲን፦ እሱማ አጎቴ ሙዳሲር ነው።

ዳምጠው፦ አጎትህ ቦርጫም፣ ይሄ ሸንበቆ! ሰው እንዲህ ይለዋወጣል?

ኢዘዲን፦ ካፒቴኑ ተለዋወጠ አላልክም?

ዳምጠው፦ እሱ ጀግና ነዋ!

ኢዘዲን፦ ሰዎቹ ዙምባራ ይነፋሉ። ሠርግ ነው፣ ወላሂ።

ዳምጠው፦ መድፍ ነው! መለከት አስመስለውት ነው።

ኢዘዲን፦ ያ ሰላም! አጎቴ ፊልም ሠርቶ ለእኛ አልነገረም? ይኸው ሙሽራዋም መጣች። ሳሊማ!

ዳምጠው፦ የምን ሙሽራ? የሽፍቶቹ አለቃ ነው፤ ሴት መስሎ ገብቷል። ትከሻውን አታይም? የጎተራ በር! [ተነሥቶ፣ በአስተርጓሚ ድምፅ] «ካፒቴን ሆይ! ይህን አስቀያሚ ወንበዴ ሻሹን ግለጥና ጢሙን ያዝ!»

[ጄኔሬተሩ ጠፋ። ቴሌቪዥኑም ጠፋ። የዳምጠው ድምፅ ብቻውን ደጅ ድረስ ወጣ።]

ሙዳሲር፦ [ከበሩ፣ ባዶውን የካሴት ማኅደር አይቶ] የማን ጢም ነው የሚያዘው? የሠርጌን ካሴትስ ማን ከፈተው?

ዳምጠው፦ [ወደ ኋላ እያፈገፈገ] የ… የሠርግዎን?

ኢዘዲን፦ የፊልሙ መስሎኝ እኔ ነኝ ያነሣሁት፣ አጎቴ። መምህሩ፣ ሳሊማ ስትመጣ፣ እየተረጎመ ነበር።

ሙዳሲር፦ ስለ ሚስቴ ምን አለ?

ዳምጠው፦ [በሹክሹክታ] ኢዘዲን፣ ወንድሜ፣ ስሞትልህ፣ በቤታችሁ ቋንቋ አሳምረህ ንገርልኝ!

ኢዘዲን፦ እንዴ! አስተርጓሚው አንተ አይደለህ?